ከውጭ የሚቆለፍ በር

የምትተኚበት ክፍል በር ቁልፉ በየት በኩል ነው? በውስጥ ወይስ በውጭ? ለጨዋታ የጠየቅሁ እንዳይመስልሽ። ሰሞኑን እዚህ አል ሙዋሌህ ያለን ልጆች ስንገናኝ የምናወራው ስለ አንድ ፊልም ነው፤ የፊልሙ ነገር ሁሉ የሚጀምረው ደግሞ ከዚህች ጥያቄ ነው።

«ዘ ሃውስሜይድ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «የቤት ሠራተኛዋ» ማለት ነው። በፈረንጆቹ 2025 መጨረሻ ላይ የወጣ የአሜሪካ ፊልም ነው፤ ዳይሬክተሩ ፖል ፊግ ይባላል። ሠራተኛዋን ሲድኒ ስዊኒ፣ እመቤቲቱን አማንዳ ሳይፍሬድ፣ ባልየውን ብራንደን ስክሌናር ናቸው የሚጫወቱት። ታሪኩ የተወሰደው ፍሪዳ ማክፋደን በ2022 ካሳተመችው ልብ ወለድ ነው። ጸሐፊዋ በሙያዋ ሐኪም ናት፤ የአንጎል ጉዳት የደረሰባቸውን ሰዎች ታክማለች። ይህን ስሰማ አልገረመኝም፤ ሰው ጤነኛ ሆኖ ሳለ እንዴት «እብድ» ተደርጎ እንደሚሠራ በደንብ ታውቃለች።

እኔ በአል ሙዋሌህ ደቡብ በአንድ ቤት ምግብ አብሳይ ሆኜ ስሠራ 7 ዓመቴ ነው። ፊልሙን ያየነው አራት ሆነን ዓርብ ከሰዓት በኋላ በአንዲት ስልክ ነው። አስፈሪ የሥነ ልቦና ፊልም፣ የሀብታም ቤተሰብ ድብቅ ጉድ ተብሎ ነው የሚተዋወቀው። ግማሽ ላይ ስንደርስ አንዷ «እንዴ! ይሄማ የእኔ ሁለተኛው ቤት ነው» አለች። ሳቅን። ከዚያ እስኪያልቅ ድረስ ማንም አልተናገረም።

ያላየሽው ከሆነ አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ከዚህ በታች ዋናውን ምስጢር አወጣዋለሁ። መጨረሻውን ግን አልነካም፤ እሱን ራስሽ እዪው።

ሚሊ የምትባል ወጣት 10 ዓመት ታስራ በአመክሮ ወጥታለች። ቤት የላትም፣ መኪናዋ ውስጥ ነው የምታድረው። በአመክሮ የወጣ ሰው ሥራና አድራሻ ካልያዘ ተመልሶ ሊታሰር ይችላል። ኒና ዊንቸስተር የምትባል ሀብታም ሴት በአንድ ትልቅ ቤት አዳሪ ሠራተኛ አድርጋ ትቀጥራታለች። የሚሰጧት ክፍል ከቤቱ ሁሉ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። መስኮቱ አይከፈትም። የበሩ መቆለፊያ በውጭ በኩል ነው።

መጀመሪያ ላይ ክፉዋ ማዳም ትመስላለች። ዛሬ ትስቃለች፣ ነገ ሳህን ትወረውራለች። «ልጄን አምጫት» ብላ አዝዛ፣ ሚሊ ስትሄድ «ማን አዘዘሽ?» ትላለች። የሰፈሩ ሴቶች «አእምሮዋ ተነክቷል፣ አንድ ጊዜ ሆስፒታል ገብታለች፣ ምስኪን ባሏ ችሏት ነው የሚኖረው» ይላሉ። ባልየው አንድሩ መልከ መልካም፣ ለስላሳ፣ ለሠራተኛዋ የሚያዝን ሰው ነው። አንቺም እንደኔ ከሆንሽ ለእሱ ነው የምታዝኚው።

ከዚያ ነገሩ ይገለበጣል። ያን በር የሚቆልፈው አንድሩ ነው። ሚስቱ የፀጉሯን ሥር ቀለም ሳትቀባ ስለቀረች ብቻ እዚያ ክፍል ዘግቶባት፣ 100 ፀጉር ከነሥሩ ነቅላ በበሩ ሥር እንድታሳልፍለት ያደርጋል። አደንዝዟት «ልጅሽን ልትገድዪ ነበር» ይላታል። ፖሊስ ይመጣል፣ ሐኪም ይመጣል፣ ሆስፒታል ትገባለች። ከዚያ በኋላ እውነቱን ብትናገር ማን ይሰማታል? ወረቀቷ ላይ «በሽተኛ» ተብሎ ተጽፏል።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «የፊልም ነገር፣ ተጋኗል» ይላል። የገደል አፋፍ የሚመስለውን የቤቱን ደረጃና ደሙን ተዪው፤ እሱ የተጋነነ ነው። ሁለት ነገር ግን አልተጋነነም።

አንደኛው የሚሊ አመክሮ ነው። ነፃ ሰው ናት፣ ደመወዝ ይከፈላታል፣ ግን ቤቱን ለቃ ከወጣች መንግሥት ይፈልጋታል። ከእኛ ከፊል ጋር ምን ልዩነት አለው? የእኛም የመኖሪያ ፈቃድ የተያያዘው ከአንድ ቤት ጋር ነው። ጥለሽ ከወጣሽ አሠሪሽ «ጠፍታለች» ብሎ ሊያመለክት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ተበዳይ ሆነሽ ሳለ ተፈላጊ ትሆኛለሽ። ኒና ሚሊን የመረጠቻት ቆንጆ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ መሄጃ እንደሌላት አይታ ነው። ባሏን ለሌላ ሴት አስተላልፋ ራሷ ለማምለጥ ነበር ሐሳቧ። ፊልሙ ይህን ቶሎ ይቅር ብሏታል። እኔ አልቻልኩም። የተጨነቀች ማዳም በመጨረሻ ጭንቀቷን የምታራግፈው ከሥሯ ባለችው ሴት ላይ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የገባኝ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ይቅር የምለው አይደለም።

ሁለተኛው ያልተጋነነው ነገር ሰውን የማሳበድ ዘዴው ነው። ፈረንጆች «ጋዝላይቲንግ» ይሉታል። ቃሉ ራሱ ከቴአትርና ከፊልም የመጣ ነው። ፓትሪክ ሃሚልተን የሚባል እንግሊዛዊ በ1938 «ጋዝ ላይት» የሚል ቴአትር ጻፈ፤ በ1944 ኢንግሪድ በርግማን የተጫወተችበት ፊልም ሆነ፤ እሷም በዚህ ኦስካር ተሸለመች። ባልየው በድብቅ ወደ ላይኛው ክፍል ወጥቶ ዕቃ ይፈትሻል። እዚያ የጋዝ መብራት ሲያበራ የታችኛው ክፍል መብራት ይደክማል። ሚስት «መብራቱ ደከመ» ስትል «የለም፣ አልደከመም፣ አንቺ ነሽ የደከምሽው» ይላታል። ዕቃ ይደብቅና «አንቺ ነሽ ያጠፋሽው» ይላታል። ቀስ በቀስ የገዛ ዓይኗን ማመን ታቆማለች። እዚያም ቤት ሠራተኞች አሉ። ያኔ ገና ልጅ የነበረችው አንጄላ ላንስበሪ ለመጀመሪያ ጊዜ በፊልም የታየችው የዚያን ቤት ሠራተኛ ሆና ነው። ባልየው ሠራተኛዋን ጭምር ሚስቱን ለማሳነስ ይጠቀምባታል። ከ80 ዓመት በላይ አልፎ ይኸው ሌላ ፊልም፣ ያው የላይኛው ክፍል፣ ያው ዘዴ።

ይህ ዘዴ በባልና ሚስት መካከል ብቻ አይቀርም። በሠራተኛ ላይ ሲሆን እንዲያውም ይቀላል፤ ቋንቋው አይገባሽም፣ የምትጠይቂው ሰው የለም፣ ሌሊትና ቀኑ ተደባልቆብሻል። እዚህ ሰፈር ያየሁትን ልንገርሽ። ልጅቷ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟንና ቤቱን ግን አልጠቅስም።

የወሎ ልጅ ናት። በአል ሙዋሌህ ሰሜን በኩል አንድ ቪላ ውስጥ ነበር የምትሠራው። ድሮ እኛ ልጆች የምንተያየው የአትክልት ገበያው ጋ ነበር፤ ከአሠሪዎቻችን ጋር ሽንኩርትና ሎሚ ልናመጣ ስንሄድ በዓይን እንገናኛለን። ገበያው በ2024 ወደ ኸዛኢን ተዛወረና ያቺም ዕድል ቀረች። አሁን የቀረን ማታ ቆሻሻ ለመጣል የምንወጣባት አምስት ደቂቃ ናት። ከእሷ ጋርም የተዋወቅነው እንደዚያ ነው። እኔ ወደ ዘመድ ቤት ስላክ በዚያ በኩል አልፋለሁ፤ እሷ የቆሻሻ ከረጢት ይዛ ከበሩ ትወጣለች።

ሌሊት ከላይኛው ፎቅ የዱላ ድምፅና የሴት ለቅሶ ትሰማለች። ጠዋት ማዳም እጅጌዋን እስከ መዳፏ ስባ ትወርዳለች። ልጅቷ ደንግጣ «ማማ፣ ደህና ነሽ?» ስትል «ምን ሆኜ? ሕልም አይተሽ ነው» ትላታለች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። ባልየው ደግሞ ለብቻዋ ጠርቶ በጨዋ ድምፅ «ማዳም ታማለች፤ የምትለውን አትስሚያት» ይላታል። ይኸው ሰው ለዒድ 5 ሪያል የሰጣት ሰው ነው። እሷም መጀመሪያ ላይ ለእሱ ነበር የምታዝነው፤ ልክ እኛ ፊልሙን ስናይ እንዳዘንለት።

ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «ያ ሰማያዊ ሲኒ የት አለ?» ነካችውም አላየችውም። «ትናንት ሰብረሽ ደብቀሻል፣ ረስተሽው ነው።» የልጁን መድኃኒት ከማቀዝቀዣው አንስታ ሌላ ቦታ አስቀምጣለች ተባለች። በመጨረሻ ደመወዟን ስትጠይቅ «ባለፈው ሳምንት በእጅሽ ሰጠሁሽ እኮ! አእምሮሽ ደህና አይደለም» አላት። አየሽ የት እንደደረሰ? ሲኒው፣ መድኃኒቱ፣ ሕልሙ ሁሉ ወደዚች ወደ ደመወዟ መንገድ እየጠረጉ ነበር።

አንድ ማታ ከረጢቱን እንደያዘች ቆማ «እትዬ፣ እኔ ይሄን ብር ተቀብዬ ይሆን እንዴ?» አለችኝ። የምሯን ነው። 23 ዓመቷ ነው፣ አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፣ ድፎ ዳቦ ስትጋግር አንድም ነገር አትረሳም። ግን ሌሊት ሦስት ሰዓት ብቻ ነው የምትተኛው።

እዚህ ላይ የጤናውን ነገር ልናገር፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ይህን ስለማናውቅ ራሳችንን እንከሳለን። እንቅልፍ ያጣና ቀኑን ሙሉ የሚፈራ ሰው በእውነት ይረሳል። አንጎል የዕለቱን ነገር ተደላድሎ የሚያስቀምጠው በእንቅልፍ ጊዜ ነው፤ ፍርሃት ደግሞ ትኩረትን ሁሉ ወደ አደጋው ይስባል። ስለዚህ ምድጃ ላይ የጣድሽውን ትረሻለሽ፣ የተላክሽበትን ትረሻለሽ፣ ስምሽን ሲጠሩሽ ትደነግጫለሽ፣ ልብሽ ይመታል፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፣ ምግብ አይወርድልሽም። ያቺን ትንሽ መርሳት ይዘው «አየሽ፣ አላልኩሽም?» ይሉሻል። መርሳቱ እውነት ነው፤ ማበዱ ግን ውሸት ነው። የደከመ አንጎል ሲያርፍ ይመለሳል።

ወደ አገር ቤት ስንደውል ደግሞ ሌላ ስም ይሰጡታል። «መተት አድርገውብሽ ነው»፣ «ዓይነ ጥላ ነው»፣ «ነይና ጠበል ተጠመቂ» ይላሉ። ጠበሉን አትሂጂ አልልም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ግን መተት ነው ብለሽ ካመንሽ የሚቆልፍብሽን ሰው ሳይሆን ራስሽን ትጠራጠሪያለሽ፣ ሌሊቱን ደግሞ በፍርሃት ሳትተኚ ታነጊዋለሽ።

እውነተኛ ሕመምም አለ፤ እሱን ከዚህ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ለብዙ ቀን ጭራሽ እንቅልፍ ካጣሽ፣ ማንም የማይሰማው ድምፅ ከሰማሽ፣ ወይም መሞት ይሻላል የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ይህ የሐኪም ጉዳይ ነው። በተለይ የመጨረሻውን ለአንድ ሰው ሳትናገሪ አትደሪ። በስልክ ይሁን፣ በቆሻሻው በር ይሁን፣ ተናገሪ። ኦማን ውስጥ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጠው ትልቁ ሆስፒታል አል መሰራ ይባላል፤ አሚራት ውስጥ ነው። ማንም በእጁ የሰጠሽን ክኒን ግን ማሸጊያውን ሳታዪ አትዋጪ። በፊልሙም ኒናን ያደነዘዛት ባሏ ነው።

የወሎዋን ልጅ ያልኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጻፊ። የባቃላው ልጅ በነፃ የሚሰጠው የግድግዳ ካላንደር አለ አይደል? ከጀርባው ባዶ ነው። በአማርኛ፣ በደቃቁ፣ ቀኑንና ሰዓቱን እያደረገች የሆነውን ብቻ እንድትጽፍ ነገርኳት። ስድብ የለም፣ ግምት የለም። «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት፣ ከላይ ድምፅ ሰማሁ። ማክሰኞ፣ ደመወዝ ጠየቅሁ፣ አልተሰጠኝም።» በሦስተኛው ሳምንት ከረጢቷን ይዛ ወጣችና «አላበድኩም» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ካላንደሩ ላይ ብር ተቀበልኩ የሚል ቃል የለም።

ፊልሙ ይህን ዓይነቱን ነገር አያሳይም፤ ወረቀት ላይ የምትጽፍ ሴት ለሲኒማ አትመችም መሰለኝ። ፊልሙ የሚወደው በቀል ነው፤ ሚሊ ጠንካራ ናት፣ ትመልስለታለች። እኛ አራታችንም አጨበጨብን፣ አልዋሽሽም። ግን ሚሊ የገዛ አገሯ ነው፣ ቋንቋዋ ነው፣ ፖሊሱም የሚሰማት በቋንቋዋ ነው። አንቺ አንድ ጥፊ ብትመልሺ ከሳሹ እሱ ነው የሚሆነው። ስለ ቤት ሠራተኛ የተሠሩ ፊልሞች መጨረሻቸው ብዙ ጊዜ ደም ነው። ኮሪያዊው ኪም ኪ-ያንግ በ1960 ያንኑ «የቤት ሠራተኛዋ» የሚል ርዕስ የያዘ ፊልም ሠርቷል፤ እዚያ ሠራተኛዋ ራሷ ናት ቤቱን የምታፈርሰው። ባለቤቶቹ የሚፈሩን እንዲህ ነው ማለት ነው። ወደ እኛ የሚቀርበው ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን በ1966 የሠራው ነው። ከዳካር ወደ ፈረንሳይ አገር አንቲብ የተወሰደች ልጅ፣ ልጅ ልትጠብቅ ሄዳ ሁሉን የምትሠራ፣ ከቤት የማትወጣ፣ ከቀን ወደ ቀን ዝም እያለች የምትሄድ። መነሻው በጋዜጣ የወጣ እውነተኛ ሞት ነው። ብቻሽን ሆነሽ አትዪው።

እውነተኛ ታሪክ ካልን የእኛው አለ። በ2011 ነሐሴ ወር፣ የጋዳፊ መንግሥት ሲወድቅ፣ ጋዜጠኞች ትሪፖሊ ውስጥ ወደ ልጁ ወደ ሃኒባል ጋዳፊ ቪላ ገቡ። ያልጠበቁትን አገኙ፤ ፊቷና ራሷ በፈላ ውሃ የተቃጠለ ኢትዮጵያዊት ሞግዚት። የምታለቅሰውን ሕፃን ምቺ ስትባል እንቢ በማለቷ የሃኒባል ሚስት የፈላ ውሃ እንዳፈሰሰችባት ተናገረች። አብሯት ይሠራ የነበረ የባንግላዴሽ ሰውም መሰከረላት። ታሪኩ በሲ ኤን ኤን ዓለምን ዞረ፣ ኋላም ለሕክምና ወደ ማልታ ሄደች። ያ ቤት በዓለም ሁሉ የታወቀ ቤት ነው። ሚስቱ በመጽሔት ላይ የምትታይ ሴት ናት። ከግንቡ ውስጥ የሚሆነውን የሚያውቁት ግን ሠራተኞቹ ብቻ ነበሩ፤ መንግሥት እስኪፈርስ ድረስ የጠየቃቸው የለም።

የቤቱን ምስጢር የምታውቅ ሠራተኛ አደጋ ላይ ናት የምለው ለዚህ ነው። ግን ብዙ ልጆች አሁን የሚያደርጉት ነገር ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። ስልክ ያወጡና ይቀርጻሉ፣ ቲክቶክ ላይ ይለቁታል። እህቴ፣ ይህን አታድርጊ። በ2011 የወጣው የኦማን የሳይበር ወንጀል ሕግ የሰውን ወይም የቤተሰብን የግል ሕይወት በስልክ ቀርጾ ማሰራጨትን ይከለክላል፤ የተሰራጨው ነገር እውነት ቢሆን እንኳ እስከ 3 ዓመት እስራት ያመጣል። ተበዳይ ሆነሽ ሳለ በገዛ ቪዲዮሽ ትታሰሪያለሽ። በገላሽ ላይ የደረሰን ቁስል፣ የራስሽን እጅ፣ የራስሽን ፊት ፎቶ ማንሳት ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አንሺና ለሕዝብ ሳይሆን ለምታምኚው አንድ ሰው ላኪ።

ስለ ፓስፖርትም ጥያቄ ይበዛል። ኦማን ውስጥ አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት ያለ ፈቃዷ እንዳይዝ የሚል መመሪያ በ2006 ወጥቷል። ይሁንና ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2016 «ተሸጥኩ» በሚል ርዕስ ያወጣው ሪፖርት ላይ 59 የቤት ሠራተኞችን አነጋግሮ፣ ፓስፖርት መያዝ የተለመደ ሆኖ አግኝቶታል። ደመወዝ መከልከልና ከቤት እንዳይወጡ መዝጋትም እዚያው ተጽፏል። የእኛ ጉዳይ ከዋናው የሠራተኛ ሕግ ተለይቶ በሚኒስትር ውሳኔ ስለሚተዳደር «ሕጉ እንዲህ ይላል» ያለሽን ሁሉ አትመኚ፤ የምትጠይቂው የሥራ ሚኒስቴርን ነው። የፓስፖርትሽን፣ የባጣቃሽንና የኮንትራትሽን ፎቶ ግን ዛሬውኑ አንስተሽ አገር ቤት ላለ ሰው ላኪ። በ2013 አገራችን ወደ ዓረብ አገር መሄድን ከልክላ እስከ 2018 ድረስ በነበሩት ዓመታት በጎን የመጡ ልጆች ኮንትራት እንኳ የላቸውም፤ ለእነሱ ያቺ የካላንደር ጀርባ ሁሉም ነገራቸው ናት።

ሌላው አድራሻ ነው። «የት ነሽ?» ስትባዪ «አል ሙዋሌህ» ብቻ ካልሽ ማን ያገኝሻል? ቤቱ ሁሉ ነጭ ነው፣ በሩ ሁሉ አንድ ነው። መስቀጥ ውስጥ መንገዱ ቁጥር አለው፣ ሲካ ይሉታል፤ ቤቱም ቁጥር አለው። ቆሻሻ ልትጥዪ ስትወጪ ሁለቱን ቁጥሮች አይተሽ በቃልሽ ያዢ። ኢንተርኔት ካለሽ ሎኬሽን ለአንድ ሰው ላኪ።

የወሎዋ ልጅ ክፍል ከላይ፣ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ነበር። እንግዳ ሲመጣ «ለራስሽ ደኅንነት ነው» እያለ ባልየው ይቆልፍባታል። በሰኔ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቆልፎባት ቤተሰቡ በሙሉ ወጣ፤ ኤሲው ተበላሽቷል። የሰኔን ሙቀት አንቺው ታውቂዋለሽ፤ በዚያ ሙቀት የተዘጋ ክፍል ውስጥ ውሃ ከሌለ ሰው ይሞታል፣ ይህ ማጋነን አይደለም። ራስ ምታት፣ ማጥወልወል፣ መዘባረቅ ከጀመረሽ ሰውነትሽ መቋቋም አቅቶታል ማለት ነው። ስልኳን ፍራሽ ሥር ነበር የምትደብቀው። 9999 ደወለች፤ የፖሊስ ቁጥር ነው። ያስተማርኳትን ዐረብኛ አለች፤ «አና መሕቡሳ፣ አልባብ መቅፉል፣ አና ፊ አል ሙዋሌህ ሸማሊያ» አለች። ተዘግቶብኛል፣ በሩ ተቆልፏል ማለት ነው። የሲካውንና የቤቱን ቁጥር ጨመረች። ፖሊስ መጣ።

ጣቢያ ላይ ባልየው ቶሎ ደረሰ። ንጹሕ ዲሽዳሻ ለብሶ፣ በጨዋ ድምፁ፣ «ምስኪን ናት፣ አእምሮዋ ታሟል፣ እኔ ላሳክማት ነበር» አለ። እሷ ካላንደሩን አወጣች። በስልክ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ተፈልጎ አንድ በአንድ ተነበበ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የሆነው። ማንም ያበደ ሰው ጽሑፍ ነው አላለም።

ሁሉም ተስተካክሎ አለቀ ብዬ አላታልልሽም። የ6 ወር ደመወዝ ነበረባት፣ የተከፈላት የ4 ወር ነው። ቀሪውን ለማስከፈል ጉዳዩ እስኪያልቅ መቆየት ነበረባት፤ እሷ ግን ደክሟት ነበር፣ ትኬቱን መረጠች። አሁን ኮምቦልቻ ናት፣ ዳቦ ትጋግራለች፣ ሌሊቱን ትተኛለች። ፊልሙን አግኝታ አይታዋለች። በድምፅ መልእክት የላከችልኝ ስለ ሚሊ አንድም ቃል የለበትም። የጠየቀችኝ ስለ ማዳሟ ነው። «እትዬ፣ በዚያ በኩል ስታልፊ የላይኛው መብራት ይበራል?» አለችኝ።

ትናንት ማታ አለፍኩ። ይበራል። አዲስ ልጅም መጥታለች፤ የቆሻሻ ከረጢት ይዛ ስትወጣ አየኋት። የሲካውን ቁጥር በጣቴ አሳየኋት።